ሕዝብ ያለበት ሸክላ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አያ ኑሩ የሰጡኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ እጄን እንድታጠብ ነበር። ታጠብኩ። "ድገሚው" አሉኝ። ደገምኩት። ከዚያ መዳፌን ገልብጠው አዩና "ቅባት ትቀቢያለሽ?" ሲሉ ጠየቁኝ።

"አዎ፣ አያ ኑሩ። ብርዱ እጄን እየሰነጠቀው" አልኳቸው። ወሩ ኅዳር ነበር። የደብረ ታቦርን የኅዳር ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል።

"እዚህ ቤት ቅባት የለም። የተሰነጠቀ እጅ ይድናል፤ ቅባት የነካው ሸክላ ግን አይድንም" አሉ። ሌላ ጥያቄ አልነበረም። ተቀጠርኩ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቱ የትም ሳያደርሰኝ ቤት ተቀምጬ ነበር። አያ ኑሩ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ ሙዚቃ ቤት ነበራቸው። ከፊት ካሴት፣ ባትሪ ድንጋይና የሬዲዮ አንቴና ይሸጣል። ካሴት ልሸጥ ነው ብዬ ነበር የሄድኩት። ከመጋረጃው በስተጀርባ ሌላ ክፍል እንዳለ ያወቅሁት እጄ ከደረቀ በኋላ ነው።

ክፍሉ ከወለል እስከ ኮርኒስ መደርደሪያ ነው። መደርደሪያው ላይ ሸክላዎች እንደ መጽሐፍ ቆመዋል። ሸክላ አይጋደምም፤ ከተጋደመ ይጣመማል። ካሴት እንኳ ላላየ የዛሬ አንባቢ ልንገር፦ ሸክላ ማለት ከሰፌድ ያነሰ ክብ ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ፊቱ ላይ ከጠርዙ እስከ መሀሉ የሚዞር፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቦይ አለ። ማጫወቻው ያዞረዋል፣ መርፌው በቦዩ ውስጥ ይሄዳል፣ ድምፁ ከዚያ ይወጣል።

አያ ኑሩ የሚሰበስቡት የውጭ ጃዝ ነው። ያውም ሦስትና አራት ሰው የሚጫወተውን አይደለም። አሥራ አምስት፣ ሃያ ሰው ተሰልፎ ትራምፔትና ትሮምቦን፣ ሳክስፎንም የሚነፋበትን የትልቅ ኦርኬስትራ ጃዝ ነው። ከዚያም ውስጥ በሕዝብ ፊት ሲጫወቱ የተቀዳውን ብቻ። በቤታችን አጠራር "ሕዝብ ያለበት" ይባላል። ሕዝብ የሌለበትን በነፃ ቢሰጧቸው አይወስዱም።

ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ ለጠየቃቸው ሁሉ ያወሩት ነበር። በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ከምፅዋ ጨው ጭነው ወደ መሀል አገር ይመላለሱ ነበር። አንድ ጊዜ አሥመራ ላይ ጭነት ሲጠብቁ፣ የውጭ አገር ሰዎች ከሚዝናኑበት ግቢ አጥር ሥር መኪናቸውን አቆሙ። ከግንቡ ወዲያ ኦርኬስትራ ይጫወታል። ዘበኛው አላስገባቸውም። ጎማ ላይ ተቀምጠው እስኪያልቅ ሰሙ።

"ከሙዚቃው ይልቅ የገረመኝ ሕዝቡ ነው" ይሉ ነበር። "ሲያጨበጭቡ፣ ሲጮሁ፣ ወንበር ሲገፉ ይሰማኛል። አንዳቸውንም አላየሁም። እንደነበሩ ግን አውቃለሁ።"

የስቱዲዮውን ለምን እንደማይወስዱ ስጠይቃቸው "ያንን አርመው፣ ቆርጠው፣ ቀጥለው ነው የሚሠሩት። ይህኛው ግን አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ፣ በእርግጥ ሆኗል" አሉኝ። ይህን ያሉኝ ስለ ጎማ አየር እንደሚያወራ ሾፌር በዝግታ ነው።

ለኔ መጀመሪያ ላይ ሙዚቃው የመናኸሪያ አውቶቡሶች በጡሩምባ የሚጣሉ ይመስለኝ ነበር። ይህንንም ነግሬያቸዋለሁ። "አውቶቡሶቹ ተራ ይጠብቃሉ፤ አዳምጪ" አሉኝ። እውነትም ተራ ይጠብቃሉ።

በሱቁ ሦስት የሥራ ደረጃ ነበር። የመጀመሪያው አጣቢ፣ ሁለተኛው ቀጂ፣ ሦስተኛው ሰሚ። ሠራተኛው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ዕድገቱን የተሻማኝ ሰው አልነበረም። ቢሆንም አያ ኑሩ ደረጃውን አላዘለሉኝም።

አጣቢ ሸክላውን ያጥባል። ውኃው ጋራዥ ለመኪና ባትሪ የሚጨምሩት የተጣራ ውኃ ነው፤ የቧንቧው ኖራ ይተዋል። ጨርቁ ታጥቦ የሳሳ ነጠላ ነው። የሚጠረገው በቦዩ አቅጣጫ ነው እንጂ ቦዩን አቋርጦ አይደለም። የተጣመመ ሸክላ ከመጣ በሁለት የመስኮት መስተዋት መሀል አስገብተን ላዩ ላይ የስኳር ጆንያ እንጭናለን። ስኳሩ የአያ ኑሩ ባለቤት የእትየ ዘይነባ ነበር። ከጎናችን የሸቀጥ ሱቅ ነበራቸው። ስኳር ሲፈልጉ "ሸክላችሁ ተቃንቷል?" ብለው ይጠይቃሉ። አልተቃናም ካልናቸው ደንበኛቸውን ነገ ተመለስ ይሉታል።

ቀጂ ደግሞ ከሸክላ ወደ ካሴት ይገለብጣል። ይህን ስሠራ ቆይቼ፣ ገጠር ወጥቶ ሸክላ መፈለግም ተጨመረልኝ። ሰው ሸክላ ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ለተለያየ ነገር ያውለዋል። ግድግዳ ላይ እንደ ጌጥ ተሰቅሎ አግኝቻለሁ። በፀሐይ ቀልጦ ጎድጓዳ ሲሆን ለዶሮ ውኃ ማጠጫ የተደረገም አይቻለሁ።

ይፋግ ላይ አንዲት እናት የጠላ ጋናቸውን ከድነውበት ነበር። ሽጡልኝ ብላቸው "ጋኔን በምን ልክደነው?" አሉኝ። ከገበያ የቆርቆሮ ክዳን አምጥቼ ሰጠኋቸው። ክዳኑን አንኳኩተው፣ ገልብጠው አይተው፣ ጋኑ ላይ ለክተው ተስማሙ። ደብረ ታቦር ስንሰማው ጃዝ አልነበረም፤ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት ነው። አያ ኑሩ እስከ መጨረሻው አዳመጡና "ሕዝብ የለበትም" ብለው መለሱልኝ። ከዚያ ወዲህ ገጠር ስወጣ ክዳን ይዤ እወጣለሁ።

መስማትን ያስተማሩኝ ከሕዝቡ ጀምረው ነው። "ኦርኬስትራውን ተይው፤ እሱ አይጠፋሽም። መጀመሪያ ሰዎቹን ፈልጊ" ይላሉ። አዳራሽ ውስጥ የተጨበጨበ ጭብጨባ ከሜዳው ይለያል። የተቀመጠ ሰው ጭብጨባ ከሚጨፍረው ይለያል። እነዚህን እስክለይ ድረስ ብዙ ሸክላ ሰምቻለሁ። ክረምት ሲገባ ግን ሥራውን እናቆማለን። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ጭብጨባ ይመስላል። አንድ ሐምሌ ይህን ረስቼ አንዱን ሸክላ "ሕዝቡ በጣም ወዶታል" ብያቸው ነበር። አያ ኑሩ መስኮቱን ከፍተው ደጁን አሳዩኝ።

ጆሯቸው መድከም የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ባትሪ ለጠየቀ ካሴት ይሰጡ ጀመር። ደንበኛውም አንዳንዴ ካሴቱን ይዞ ይሄዳል። ቀጥሎ የማጫወቻውን ድምፅ ከፍ አደረጉ፤ ጎረቤት አማረረ። ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄደው ሰነበቱ። ሲመለሱ "እንዴት ነው?" ብዬ ጮክ ብዬ ጠየቅኋቸው። "ጉልበቴ ተሽሎታል፣ አልሐምዱሊላህ" አሉኝ። ባሕር ዳር ያያቸው ሐኪም ነርቩ ነው አለ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰሙት የከባድ መኪና ሞተር ነው የጎዳቸው። ጆሮ ላይ የሚደረግ መሣሪያ ታዘዘላቸው። በሱ የእትየ ዘይነባን ማቀዝቀዣ ይሰማሉ፣ ትራምፔቱን ግን አይሰሙም። መሣቢያ ውስጥ ጨመሩት።

አንድ ጠዋት ሱቁን ከፍተው ወንበራቸውን ወደ ጓዳው አስገቡና "ከዛሬ ጀምሮ ሰሚ ነሽ። ስሚና ንገሪኝ" አሉኝ።

ሸክላውን አጫውቼ "ጥሩ ነው" አልኳቸው።

"በሬ ልትገዢ ብልክሽ ጥሩ ነው ብለሽ ትመጫለሽ? ጥርሱን አይተሽ፣ ሸኾናውን አይተሽ፣ አረማመዱን አይተሽ አይደለም ወይ የምትነግሪኝ?"

እንደ በሬ መናገር ለመድኩ። "ሳክስፎኖቹ ዝቅ ብለው ይጀምራሉ። ትሮምቦኑ ሸክም ይዞ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ነው፤ መሀል ላይ ቆም ይላል። ፊት ለፊት የተቀመጠ አንድ ሰው ብቻውን ያጨበጭብና ሌላው ሲዘገይ ያፍራል።" እሳቸው መዳፋቸውን የስፒከሩ ሳጥን ላይ አድርገው ዓይኔንና ከንፈሬን ያዩኛል። የቤዙ ወፍራም ንዝረት በእጃቸው ይገባል። የቀረውን እኔ እሞላለሁ።

የድሮ ሸክላዎቻቸውን በቃላቸው ያውቋቸዋል። "እዚያ ጋ ትራምፔቱ ይሰነጠቃል፤ አልነገርሽኝም" ይሉኛል። መርፌውን መልሼ ስሰማ ይሰነጠቃል። በዚህ ዓይነት ብዙ ዓመት ሠራን። ካሴት ሞተ። ከፊት ለፊት የሞባይል ሽፋንና ቻርጀር መሸጥ ጀመርን። ጓዳው ግን ሳይለወጥ ቆየ፤ እንዲያውም ሸክላ ፈላጊዎች ከአዲስ አበባ ድረስ ይመጡ ጀመር።

መምህር አስረስ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ አንበሳሜ ይኖሩ ነበር። አንድ ደንበኛችን ቤታቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሸክላ አይቶ፣ ሽፋኑን በስልኩ ፎቶ አንስቶ አመጣልን። ሽፋኑ ላይ መድረክ ሙሉ ኦርኬስትራ አለ፤ ከፊት የተመልካቹ ባርኔጣ ይታያል። አያ ኑሩ ስልኩን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ምፅዋ ላይ አንድ መርከበኛ ይህንኑ ሽፋን አሳይቷቸው፣ አልሸጥም ብሎ ይዞት ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ሲፈልጉት ኖረዋል።

መምህር አስረስ ሸክላውን ያገኙት ወጣት አስተማሪ ሳሉ አብሯቸው ያስተምር ከነበረ የውጭ አገር ሰው ነው። ወደ አገሩ ሲመለስ ሣጥን ሙሉ ሸክላ ትቶላቸዋል። ማጫወቻ ስላልነበራቸው አንዱንም ሰምተውት አያውቁም።

አንበሳሜ ሄጄ አነጋገርኳቸው። ገንዘብ አልፈልግም አሉ። "የአያ ኑሩን ማጫወቻ ይስጡኝ። እኔ መስማት እፈልጋለሁ፤ እሳቸው አይሰሙበትም" አሉኝ። ክፋት አልነበረበትም። ሒሳብ እንደሚያስረዱ ነበር የተናገሩት።

ማጫወቻው ከአሥመራ የመጣ ነው። በከተማው ደህና የሚሠራ ማጫወቻ ሌላ የለም። እሱ ከሄደ የኔ ሥራም አብሮ ይሄዳል። ይህን እያሰብኩ ተመልሼ መልእክቱን ሳልቀንስ ነገርኳቸው።

አያ ኑሩ መዳፋቸውን ስፒከሩ ላይ እንዳደረጉ አሰቡ። "እውነቱን ነው" አሉ። "ያምጡትና ትሰሚዋለሽ። ሕዝብ ካለበት እንለዋወጣለን።"

መምህር አስረስ በቅዳሜ ገበያ ቀን መጡ። ሸክላውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘውታል። አጠብኩት፤ አደረቅሁት፤ መርፌውን አስቀመጥኩ። ኦርኬስትራው ጀመረ። መምህር እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ ተማሪ ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው ዘፈን አልቆ ጭብጨባው ሲፈነዳ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። አያ ኑሩ ከንፈሬን ያያሉ።

"ዛሬ ይደርልኝ። ደግሜ ልስማው" አልኩ። መምህር ተስማምተው ዘመድ ቤት ሊያድሩ ሄዱ። ሸክላውን እኛው ዘንድ ተዉት።

በማግሥቱ ጠዋት ብቻዬን ሰማሁት። የመጀመሪያው ዘፈን ሲያልቅ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ አንድ ሰው ይስላል፣ አንዲት ሴት ትስቃለች። ሁለተኛው ሲያልቅም ያጨበጭባል፣ ይስላል፣ ትስቃለች። ሦስተኛውም እንደዚያው። በመሀል፣ ትሮምቦኑ ለብቻው ዝግ ብሎ ሲጫወት፣ ወንበር አይንቀሳቀስም፣ ብርጭቆ አይነካካም። ሙዚቃው ሲጫወት አዳራሹ ባዶ ነው። ሙዚቃው ሲያልቅ ሰው ይገባል። ስቱዲዮ ተቀድቶ ጭብጨባው ከሌላ ቦታ መጥቶ የተለጠፈበት ነው ማለት ነው።

ተሳስቼ ይሆን ብዬ ደጋገምኩት። ማጫወቻው እንዲቀርልኝ እፈልጋለሁ። የምፈልገውን ነገር እየሰማሁ እንዳይሆን ፈራሁ። በደገምኩት ቁጥር ሰውየው ይስላል።

አያ ኑሩ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ቁርሳቸውን በልተው መጡ። "ሰዎቹ አሉ?" አሉኝ።

"አሉ፣ አያ ኑሩ። ግን ከኦርኬስትራው ጋር አልተገናኙም" ብዬ የሰማሁትን በሙሉ ነገርኳቸው።

"ማጫወቻው እንዳይሄድብሽ ብለሽ ነው?" ሲሉ ጠየቁኝ።

"እንዲሄድ አልፈልግም። የሰማሁት ግን ይኸው ነው።"

ተነሥተው በጎን በር ወጡ። ከእትየ ዘይነባ ጋር ተመለሱ። እትየ ዘይነባ በጓዳው ውስጥ በኖረው ሸክላ ሁሉ አንድም ቀን ቁጭ ብለው ሰምተው አያውቁም። ሽንኩርት ሲከትፉ ነው የተጠሩት።

"እጅሽን ታጠቢ" አሏቸው አያ ኑሩ።

"ልሰማው ነው ልበላው?" አሉ እትየ ዘይነባ። ቢሆንም ታጠቡ።

አያ ኑሩ ምን እንደሚፈልጉ አልነገሯቸውም። እኔም እንዳልናገር በእጃቸው ከለከሉኝ። እትየ ዘይነባ የሸክላውን አንድ ገጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሙ። መርፌውን ሳነሣ "ሰውየው ታሟል" አሉ።

አያ ኑሩ አልሰሟቸውም። "ምን አልሽ?"

እትየ ዘይነባ ጮክ አሉ። "ሰውየው ታሟል እኮ ነው የምልህ! የሚስለው! ዘፈኑ ባለቀ ቁጥር ይስላል፤ አንድ ዓይነት ሳል! ሴትዮዋም ትስቃለች! በሰው ሕመም ምን ያስቃታል?"

ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ሰምቶ ማን እንደታመመ ሊጠይቅ መጣ። ማንም እንዳልታመመ ነግረን መለስነው።

አያ ኑሩ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ለረጅም ጊዜ ሽፋኑን፣ ባርኔጣዎቹን አዩ። ኋላ ሸክላውን ወደ ሽፋኑ መለሱና "ሥራሽን ቀጥይ" አሉኝ። ይቅርታ የሚመስል ነገር ከአፋቸው የወጣው ይህ ብቻ ነው። ለኔ በቂ ነበር።

መምህር አስረስ ረፋዱ ላይ ማጫወቻውን የሚሸከም ሰው ይዘው መጡ። አያ ኑሩ ሸክላውን በሁለት እጃቸው ሰጧቸው። "መምህር፣ ልውውጡ ቀርቷል።"

"ምን ጎደለው?"

አያ ኑሩ ወደ እኔ ዞሩ። "ጠይቀዋል፤ ንገሪያቸው።"

ነገርኳቸው። እንዲያምኑኝ አልጠየቅኋቸውም፤ ቦታዎቹን እያፈላለግሁ አሰማኋቸው። ሁለተኛውን ሳል ሲሰሙ እጃቸውን አነሡ። ሦስተኛውን ሲሰሙ አወረዱት። የሒሳብ ሰው ናቸው፤ ተጨማሪ አላስፈለጋቸውም።

"ያ ጓደኛዬ በዚህ አዳራሽ ነበርኩ ብሎኝ ነበር" አሉ። "ከሚያጨበጭቡት መሀል አንዱ እኔ ነኝ ብሎኛል። ይህን ሁሉ ዘመን ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኩት ለዚያ ነው።"

መምህር ሸክላውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ሳይሰናበቱን ወጡ። ተሸካሚው ለመጣበት ዋጋውን ጠየቀ፤ እትየ ዘይነባ ሻይ አጠጡት።

ያን ዓመት አያ ኑሩ ስለ ሸክላው አላነሡም። ክረምቱ ሲገባ ታመሙ። ወገባቸው ያዛቸውና አልጋ ላይ ዋሉ፤ ሱቁን እኔ እከፍታለሁ፣ እኔ እዘጋለሁ። ከሰዓት በኋላ እቤታቸው ሄጄ ምን እንደመጣና ማን እንደጠየቀ እነግራቸዋለሁ። ጆሯቸው ጨርሶ ስለጠፋ አጠገባቸው ተቀምጬ በከንፈሬ ነው የማወራው።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ባጃጅ ሱቁ ደጃፍ ቆመ። መምህር አስረስ ነበሩ። ሣጥኑን በሙሉ ይዘው መጥተዋል።

"እንደምን ሰነበትሽ፣ ልጄ" አሉኝ። "ቀሪዎቹን ስሚልኝ። እውነት የሆነ ካለ ልወቀው፤ ከሌለም ልወቅ።"

"ሌላ ሰው ቢያሰሙ አይሻልም?" አልኳቸው። ከልቤ ነበር፤ ባለፈው ያስከፋኋቸው እኔ ነኝ።

"ሌላ ሰው ደስ እንዲለኝ ብሎ ይዋሸኛል" አሉ።

ቀስ እያልኩ ሰማኋቸው። አብዛኛው የስቱዲዮ ዘፈን ነው። ከሣጥኑ ሥር ግን ሽፋን የሌለው፣ መሀሉ ላይ ነጭ ወረቀት ብቻ የተለጠፈበት አንድ ሸክላ ነበር። ጭረት በዝቶበታል። ሁለት ጊዜ አጥቤው መርፌውን አስቀመጥኩ። ጥቂት ሰምቼ አቆምኩት። ቀጥሎ የማጫወቻውን ክንድ በክር አሰርኩ፤ ሲጓጓዝ ክንዱ ከተወዛወዘ መርፌው ይሰበራል። መምህር ስፒከሩን ያዙ፣ እኔ ማጫወቻውን፤ ወደ አያ ኑሩ ቤት ወሰድነው።

እትየ ዘይነባ አልጋው አጠገብ ጠረጴዛ አዘጋጁልን። አያ ኑሩን በትራስ ደግፈው አስቀመጧቸው። መዳፋቸውን ስፒከሩ ላይ አደረግሁላቸው። ትልቅ ኦርኬስትራ መሆኑን በእጃቸው አወቁ፤ ቅንድባቸው ተነሣ።

"ንገሪኝ" አሉ።

"ትራምፔቶቹ ሩቅ ናቸው። የቀዳው ሰው ከመድረኩ ርቆ የተቀመጠ ይመስለኛል። ቅርብ ያለው ድራሙ ነው።"

"ሰዎቹስ?"

"አሉ። ብዙ ናቸው።"

"ያጨበጭባሉ?"

"አያጨበጭቡም፣ አያ ኑሩ። አይሰሙም። እራት እየበሉ ነው። ሹካና ሳህን ይሰማል። ሁለት ሰዎች እዚሁ አጠገብ ይከራከራሉ። አንዱ አስተናጋጅ ይጠራል። አስተናጋጁ አይመጣም።"

"ኦርኬስትራው ምን አደረገ?"

"ቀጥሏል። አሁን አንዱ ሳክስፎን ተነሥቶ ለብቻው እየተጫወተ ነው። በጣም ጥሩ ይጫወታል። ማንም ዞሮ አላየውም። አሁን ትሮምቦኖቹ ቀድመው ገቡ፤ ተሳሳቱ። አቆሙ። እንደገና ገቡ። ሰውየው አሁንም አስተናጋጁን ይጠራል።"

የአያ ኑሩ ፊት ቀስ ብሎ በራ። እንዲህ ሲበራ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። "ይህ ሆኗል" አሉ። "ጭብጨባ ይለጠፋል። የማይሰማ ሕዝብ ግን ማን ይለጥፋል? ማንም እንዲህ ብሎ አያስመስልም።"

ገጹ እስኪያልቅ መዳፋቸውን አላነሡም። ሲያልቅ ገልብጠን ሌላውን ገጽ ሰማን። እትየ ዘይነባም ቆመው ሰሙ። አስተናጋጁ መጥቶ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልመጣም አልኳቸው።

መርፌውን ካነሣሁ በኋላ መምህር አስረስ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ "ምናልባት ጓደኛዬ የነበረው እዚህኛው አዳራሽ ይሆን? ሸክላውን አምታቶት ይሆን?" አሉ።

አዎ ብላቸው ደስ ይላቸው ነበር። አያ ኑሩም ከንፈሬን አያዩም ነበር። "እሱን አልሰማሁም፣ መምህር" አልኳቸው።

ሳቁ። ሲስቁ የፊት ጥርሳቸው እንደሌለ ያን ጊዜ አየሁ። "ደግ" አሉ። "እንግዲያው ሳላውቅ እኖራለሁ።"

ሸክላውን አያ ኑሩ ዘንድ ተዉት። ምንም ልውውጥ አልጠየቁም። አያ ኑሩ እየደጋገሙ ያሰሙኝ ነበር፤ እኔም በየጊዜው ያመለጠኝን አንዳንድ ነገር እየጨመርኩ እነግራቸው ነበር። ቀጥሎ በመጣው በጋ ዐረፉ። መምህር አስረስ ለቀብራቸው ከአንበሳሜ መጡ፤ ከሙስሊሞቹ ሽማግሌዎች ጋር ተራ ገብተው ቃሬዛውን ተሸከሙ።

ከሐዘኑ በኋላ እትየ ዘይነባ የጓዳውን ቁልፍ ሰጡኝ። "እሱ ያለ አንቺ አያውቀውም ነበር፤ እኔ ያለ እሱ አላውቀውም። ያዥው" አሉኝ። የስኳር ጆንያውን ግን መልሰው ወሰዱ። አሁን በድንጋይ ነው የምጫነው።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ሸክላ ፈላጊዎች ዛሬም ይመጣሉ። ገሚሶቹ ወጣቶች ናቸው፤ ከኔ የተሻለ ስለ ሙዚቃው ያውቃሉ። ባለፈው አንዱ ሊሸጠው ያመጣውን ሸክላ አሰማኝና "ሕዝብ ያለበት ነው በይልኝ፣ ገዢው አንቺን ያምናል" አለኝ። ሰማሁት። አንድም ሰው አልነበረበትም። አንድም ሰው የለበትም አልኩት። ቅር ብሎት ሄደ። በሚቀጥለው ወር ሌላ ሸክላ ይዞ፣ ይህኛውን ስሚልኝ ብሎ ተመልሶ መጣ።

መምህር አስረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ጎራ ይላሉ። ወንበር እሰጣቸዋለሁ፤ የሚፈልጉትን አጫውትላቸዋለሁ። ብዙ አናወራም።

ወደዚህ ሥራ ለሚገቡ የምለው አጭር ነው። የሰማችሁትን ተናገሩ። ያልሰማችሁትን አልሰማሁም በሉ። ሌላው እጥበት ነው፤ እሱ ይለመዳል።